ቂሊንጦ ከፔኒሲሊን ጨው ቢጀምር

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። እዚያው አካባቢ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ልታልቅ ስትል፣ ከ270 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ መከለሉን የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር የተባለው፤ አሁን ልዩ ኢኮኖሚ ዞን ሆኗል። ስሙ ይቀየር እንጂ የተሠራበት ምክንያት ያው ነው፤ መድኃኒታችንን እዚሁ እናምርት። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአሥር ዓመቱ የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂም የሚለው ይህንኑ ነበር። አሥሩ ዓመት አልቋል። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ብናወራ ጥሩ ነው። "እናምርት" ስንል ምኑን ነው የምናመርተው?

ዛሬ ገላን፣ ዱከምና አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው። ዋናው ፈዋሽ ንጥረ ነገር፣ የሙያው ሰዎች ኤፒአይ የሚሉት፣ ዱቄት ሆኖ በበርሜል ከቻይናና ከሕንድ ይመጣል። እዚህ ከስታርችና ከመሰል ነገሮች ጋር ይደባለቃል፣ ወይ ተጨምቆ ክኒን ይሆናል፣ ወይ ካፕሱል ውስጥ ይሞላል፣ ከዚያ ይታሸጋል። ሥራው ቀላል አይደለም። ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ ቁጥጥር ይፈልጋል። ግን መድኃኒቱ መድኃኒት የሆነው በርሜሉ ሳይታሸግ በፊት ነው፤ እዚህ የሚሠራው መልክ ማስያዙ ነው። ዱቄቱ ካልመጣ ማሽኑ ይቆማል። ዱቄቱ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ እና ይህ ልዩነት ዞሮ ዞሮ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆማ ቦርሳዋን የምትፈትሽ እናት ላይ ነው የሚያርፈው።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንቲባዮቲክን ከሚያፈራው ሻጋታ ጀምረን እንሥራ ማለት አሁን አያዋጣም። የመጨረሻውን እርምጃ ግን፣ ማለትም አንቲባዮቲኩን ወደ ጨው ለውጦ፣ ክሪስታል አድርጎ ማውጣትና ማጥራቱን፣ ቂሊንጦ ላይ መጀመር ይቻላል። ከሁሉም በፊት መጀመር ያለበት ደግሞ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት በሚቆየው የፔኒሲሊን መርፌ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ጨው ማውራት ግድ ነው።

ጨው ስንል

የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የሚሰጡት ውጤት ሁሉ በኬሚስትሪ ጨው ነው። ፔኒሲሊን ራሱ አሲድ ነው። እንዲሁ በአሲድነቱ ከተተወ ቶሎ ይፈርሳል። ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ጋር ሲጣመር ግን ነጭ ደረቅ ክሪስታል ይሆናል፣ እርጥበት እስካልነካው ድረስም ለዓመታት ይቀመጣል።

ይህ መጀመሪያ አካባቢ የታወቀ አልነበረም። ተመራማሪው ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚያወጣውን ሻጋታ ያየው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ኦክስፎርድ ላይ ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊኑን አውጥተው በ1941 ለሕሙማን መስጠት ሲጀምሩ እጃቸው ላይ የነበረው ቢጫማ ዱቄት ነበር፤ ከውስጡ እውነተኛው ፔኒሲሊን ከመቶ ጥቂቱ እጅ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ከሻጋታው አብሮ የመጣ ባዕድ ነገር። በጣም ትንሽ ስለነበራቸው ከሕመምተኛው ሽንት ውስጥ መልሰው እያወጡ ደግመው ይሰጡት ነበር። በ1943 አሜሪካ ውስጥ፣ ስኩዊብ የተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ የፔኒሲሊን የሶዲየም ጨው በክሪስታል መልክ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ምን ያህል መድኃኒት እንደሰጡ በሚዛን ማወቅ ተቻለ። ኬሚስቷ ዶሮቲ ሆጅኪን በ1945 የሞለኪውሉን ቅርጽ ያገኘችውም የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የሩቢዲየም ጨዎቹን ክሪስታል በኤክስሬይ መርምራ ነው። ዛሬም ፔኒሲሊን በዩኒት የሚለካው ከዚያ ዘመን በወረስነው ልማድ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ዩኒት ማለት 600 ሚሊግራም ያህል የሶዲየም ጨው ነው። የኛ ሐኪም ቤቶች ውስጥም ነርሶቹ እስካሁን "ክሪስታላይን ፔኒሲሊን" እያሉ ነው የሚጠሩት።

ታዲያ ክሪስታል ማውጣት እንዴት ያጠራል? አፍዴራ ላይ ጨው የሚያመርቱ ሰዎች ይህን በተግባር ያውቁታል። ጨዋማው ውሃ ኩሬ ውስጥ ተኝቶ ፀሐይ እየመጠጠው ሲሄድ ከመራራዎቹ ጨዎች ቀድሞ የሚረጋው የምንበላው ጨው ነው። መራራዎቹ የማግኒዚየምና የካልሲየም ጨዎች እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። በጊዜው ከሰበሰቡት ንጹሕ ጨው ያገኛሉ፤ ኩሬው ጨርሶ እስኪደርቅ ከጠበቁ ግን መራራውም አብሮ ይወጣል። የመድኃኒቱም ሕግ ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ሞለኪውሎች ተደርድረው ጠጣር ሲሆኑ ቅርጹ የማይገጥመው ባዕድ ሞለኪውል ቦታ ስለማያገኝ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ፈሳሹ ይጠለላል፣ ክሪስታሉ በቀዝቃዛ አሟሚ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ካልጠራ እንደገና ተሟሙቶ እንደገና ይወጣል።

ፍጥነቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈሳሹ ከሚችለው በላይ ጠግቦ ድንገት ከተለቀቀ ክሪስታሎቹ በአንዴ ይፈለፈላሉ፤ ደቃቅ ይሆናሉ፣ በጥድፊያ ሲያድጉም ቆሻሻውንና አሟሚውን መሃላቸው ቀርቅረው ይይዛሉ። ያን ጊዜ ብታጥቡትም አይወጣም። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ቀድመው የተዘጋጁ ጥቂት ክሪስታሎችን እንደ ዘር ጨምረው፣ ሙቀቱን ቀስ አድርገው እያወረዱ፣ ማማሰያውን በልኩ እያዞሩ የሚጠብቁት። ይህ ትዕግሥት ነው የዱቄቱን ጥራት የሚወስነው።

እስካሁን ያወራንለት ፔኒሲሊን፣ በሙሉ ስሙ ፔኒሲሊን ጂ፣ በፋብሪካ የሚወጣበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሻጋታው በትልልቅ ጋን ውስጥ ስኳርና ሌላም ምግብ እየተሰጠው ይብላላል። ፈሳሹ ይጠለላል። ከዚያ በጣም አሲዳማ ይደረጋል፣ ወዲያው ቡቲል አሲቴት ወደሚባል አሟሚ ይዛወራል፤ ይህ ሁሉ በረዶ በሚያህል ቅዝቃዜ ነው የሚሠራው፣ ምክንያቱም አሲዱ ውስጥ ፔኒሲሊኑ በደቂቃዎች መፍረስ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ፖታሲየም አሲቴት ሲጨመርበት የፖታሲየም ጨው ክሪስታል ሆኖ ይረጋል። የዓለም ገበያ ላይ በቶን የሚሸጠው ይህ ነው።

ይህን ከመጀመሪያው እዚህ እንሥራ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ማብላላቱ ግዙፍ ጋኖች፣ ሌት ተቀን የማይቋረጥ መብራት፣ ብዙ ስኳርና ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ትርፉ ደግሞ ቀጭን ነው። ሕንድ ራሷ፣ የዓለም ፋርማሲ የምትባለው፣ ፔኒሲሊን ጂ ማብላላቱን ትታ ለዓመታት ከቻይና ስትገዛ ኖራለች፤ መልሳ የጀመረችው በቅርቡ ነው፣ ያውም በመንግሥት ድጎማ። እኛ በዚህ በኩል ገብተን የቻይናን ዋጋ መቋቋም አንችልም።

ለምን ቤንዛቲን?

የፖታሲየሙ ጨው ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። በደም ሥር ሲሰጥ ወዲያው ይሠራል፣ ግን ኩላሊት በፍጥነት ስለሚያስወጣው በየጥቂት ሰዓቱ መደገም አለበት። ያንኑ ፔኒሲሊን ፕሮኬይን ከሚባል ቤዝ ጋር ስታጣምሩት ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ጨው ይሆናል፣ በቀን አንዴ ይበቃል። ቤንዛቲን ከሚባለው ሌላ ቤዝ ጋር ሲጣመር ደግሞ ውሃ ጨርሶ የማይደፍረው ጨው ይሆናል፤ አንድ ግራሙን ለማሟሟት ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ይፈጃል። ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ እዚያው ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ እየተለቀቀ ለሳምንታት ይቆያል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ሞለኪውል አንድ ነው። የተለወጠው አብሮት የተጣመረው ነገርና የክሪስታሉ የመሟሟት አቅም ብቻ ነው።

ይህ ለኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ልጆች ጉሮሯቸውን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ሲታመሙና ሳይታከሙ ሲቀሩ አንዳንዶቹ ላይ ሩማቲክ ፊቨር ይከተላል፣ እሱ ሲደጋገም የልብ በር ይበላሻል። አንዴ የተያዘ ልጅ እንዳይደገምበት ለዓመታት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ይወጋል። የልብ ቀዶ ሕክምናው ውድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። መርፌው ግን ርካሽ ነው። ለቂጥኝም፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው መርፌ ነው፤ ፅንሱን እንዲጠብቅ የሚታመንበት ሌላ ምትክ የለውም።

መርፌው ሲዘጋጅ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ስለ ክሪስታል ምን እንደማወራ ቶሎ ይገባዋል። ነርሷ ቫያሉን፣ ትንሿን የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ትከፍታለች፤ ከታቹ ነጭ ዱቄት ተኝቷል። የመርፌ ውሃ ትጨምርበታለች፣ በመዳፏ ይዛ ታገላብጠዋለች፣ ትንጠዋለች። ዱቄቱ አይሟሟም፤ ወተት ይመስላል። ወፍራም መርፌ ትመርጣለች። ቶሎ መወጋት አለበት፣ ካቆየችው ይዘቅጥባታል። ልጁ ቂጥ ላይ ወግታ ቀስ እያለች ስትገፋ መሃል ላይ ሲሪንጁ እምቢ ይላል። ተደፍኗል። ልጁ ይጮኻል፣ እናትየው "ምን ሆነ?" ትላለች፣ ነርሷ ነቅላ መርፌ ቀይራ ከሌላው ጎን እንደገና መውጋት አለባት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ላይ እንዳይመጣ ያለቅሳል፤ አንዳንዱም እውነትም ይቀራል። ጤና ባለሙያውም አለርጂውን ስለሚፈራ መርፌው ላይ ያለው ጥርጣሬ እንዲሁም ብዙ ነው፣ መደፈኑ ሲጨመርበት ይብሳል።

መርፌ የሚደፈነው አንዳንዴ በአዘገጃጀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ነርሷ ጋ አይደለም፣ ክሪስታሉ ሲሠራ ነው የተበላሸው። ቅንጣቶቹ ተልቀው ከሆነ፣ ወይም ረጅም ስል መርፌ መስለው እርስ በርስ የሚጠላለፉ ከሆነ፣ ሲሪንጁ አፍ ላይ ይከማቻሉ። በጣም ከደቀቁ ደግሞ ፈሳሹ እንደ ሊጥ ይወፍራል፣ ጡንቻ ውስጥም ቶሎ ይሟሟና ወሩን ሳይሞላ ያልቃል። እንግዲህ አንድ ልጅ አራት ሳምንት ሙሉ መጠበቁና አለመጠበቁ ማማሰያው በስንት ፍጥነት እንደዞረ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ጥሬ ዕቃ የሚሠራበትን ክፍል የሩቅ የቻይና ጉዳይ አድርጌ ማየት አልችልም።

አሠራሩ ደግሞ ደስ የሚል ነው። ሁለት የፖታሲየም ፔኒሲሊን ሞለኪውል ከአንድ ቤንዛቲን ጋር ይጣመራል። በክብደት ካሰብነው 745 ኪሎ የፖታሲየም ጨውና 360 ኪሎ ቤንዛቲን ዳይአሲቴት (የሚሟሟው የቤንዛቲን ጨው) ምንም ሳይባክን ቢዋሃዱ፣ ክሪስታሉ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ጨምሮ ወደ 980 ኪሎ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጣል። በተግባር ከዚህ ያነሰ ነው የሚገኘው። ዋናው ነገር ሁለቱም ውሃ ውስጥ መሟሟታቸው ነው። ሁለቱን ፈሳሾች አንድ ላይ ስታመጧቸው የማይሟሟው ጨው ራሱ ይወጣል፤ ፖታሲየም አሲቴቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ በማጠብ ይሄዳል። በቶን የሚቆጠር አሴቶን ወይም ቡቲል አሲቴት አያስፈልግም። ተቀጣጣይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ኬሚስትሪ አላውቅም።

ጣጣው ያለው ንጽሕናው ላይ ነው። መርፌ ስለሆነ አንድ ጀርም እንኳ መኖር የለበትም። ሙቀት ስለሚያፈርሰው መጨረሻ ላይ ቀቅሎ ማምከን አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱም ፈሳሽ ገና ሳይገናኙ፣ 0.22 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አልፈው፣ አስቀድሞ በእንፋሎት የመከነ ጋን ውስጥ ነው የሚገናኙት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ መጥለሉ፣ ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ መፍጨቱ፣ ቫያል ውስጥ መሙላቱ፣ የውጭ አየር ሳይነካው ማለቅ አለበት። ውሃውም የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ የባክቴሪያ ቅሪት እንኳ የሌለበት የመርፌ ውሃ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ሕግ አለ። ፔኒሲሊን የሚነካው ሕንፃ ሌላ መድኃኒት ሊሠራበት አይችልም፣ ምክንያቱም በአየር ማናፈሻው ያመለጠ ብናኝ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል። የተለየ ሕንፃ፣ የተለየ አየር፣ የተለየ ልብስ። ቂሊንጦ ባዶ መሬት ያለው መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ መሃል ከተማ ያለ የቆየ ፋብሪካ ይህን ልጨምር ቢል ቦታ የለውም።

ሴፍትሪያክሶንስ?

ብዙ ሰው ይህን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ሐኪም ቤት የገባ ሁሉ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይወጋል፤ ፍጆታው ትልቅ ነው፣ ገበያውም አለ። ከሱ ለምን አንጀምርም?

ሴፍትሪያክሶንም ጨው ነው፤ ሁለት ሶዲየምና ሦስት ተኩል ውሃ ይዞ የሚረጋ ክሪስታል። አሠራሩ ከቤንዛቲን ይለያል። ጨው ሆኖ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ እንዲሁ አይወጣም። ፈሳሹ በከሰል ዱቄት ቀለሙ ይጸዳል፣ በደቃቁ ማጣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ አሴቶን ቀስ እየተደረገ ይጨመርበታል። አሴቶኑ ሲበዛ ጨዉ መሟሟት ያቅተውና ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። ችግሩ አሴቶኑ ነው። ብዙ ነው የሚፈጀው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በእሳት ብልጭታ ይነዳል። እያፈሰሱት ደግሞ አይሠራም፤ ከውሃው እየለዩ መልሶ መጠቀም የግድ ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አሴቶን ባሕር ዳርቻ ላይ 56 ዲግሪ ላይ ቢፈላ እዚህ 50 እንኳ ሳይደርስ ይፈላል። ለማጣራቱ ትንሽ ሙቀት ይቆጥባል፣ ለአደጋውም ያንኑ ያህል ይቀርባል። ከሌላ አገር የተቀዳ የሙቀት ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም፤ እዚሁ መለካት አለበት። ዱቄቱ ላይ የሚቀረው አሴቶንም ገደብ አለው፣ ዓለም አቀፉ ልክ በሚሊዮን 5,000 እጅ ነው። ይህን የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ይገዛል፣ ሲበላሽ በሳምንት ውስጥ የሚጠግን ሰው ማግኘቱ ነው ሌላው ሥራ።

ስለ ሴፍትሪያክሶን ካነሳን አይቀር፣ የጨው ጉዳይ ፋብሪካ በር ላይ እንደማያልቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሶዲየሙ ጨው ደህና ይሟሟል። ካልሲየም ሲያገኝ ግን የማይሟሟ የካልሲየም ጨው ይሠራል። በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም አለ። ጨቅላ ሕፃናት ላይ ሴፍትሪያክሶንና ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ተሰጥቶ ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ የሞቱ ስለነበሩ በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አራስ ልጅ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ከተኛችሁ "ከሪንገር ጋር ነው የምትሰጡት?" ብላችሁ መጠየቅ አያሳፍርም።

ስለዚህ ሴፍትሪያክሶን ሁለተኛ ይሁን። ቤንዛቲን ላይ እጃቸውን ያፍታቱ ሰዎች፣ የመከነ ክፍል ውስጥ ክሪስታል ማውጣትን የለመዱ ሰዎች፣ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ አሴቶኑን ይዘው ቢነሱ የሚያምኑት ልምድ ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ክሪስታል ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ዓይነት ሞለኪውል በሁለት በሦስት ዓይነት አደራደር ሊረጋ ይችላል። የታወቀው ምሳሌ ለሕፃናት በሽሮፕ የሚሰጠው ክሎራምፌኒኮል ፓልሚቴት ነው። ጨው ባይሆንም ነገሩን በደንብ ያሳያል። አንዱ የክሪስታል ዓይነት አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል፤ ሌላው፣ ይበልጥ የተረጋጋው፣ እምብዛም አይገባም። ሚዛን ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ የኬሚካል ምርመራውም ትክክል ነው ይላል። ልጁ ግን አይድንም። ከውጭ ዱቄት ስንገዛ ይህን የሚለየውን ምርመራ፣ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን የሚባለውን፣ ሁሌ እናደርጋለን ወይ? እዚሁ ክሪስታል የሚያወጣ ፋብሪካ ቢኖር መሣሪያውም ባለሙያውም በግድ ይኖራል፤ የሚያመጣውን ዱቄት የሚመረምርለት ቦታ ያጣው ሌላው ፋብሪካም ይጠቀምበታል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑም አብሮ ይማራል።

ምን ይጎድላል?

መብራት የመጀመሪያው ነው። ክሪስታል እያደገ ሳለ ማቀዝቀዣው ለአንድ ሰዓት ቢቆም ያ ዙር ይበላሻል፤ ማማሰያው ከቆመማ ጨዉ ጋኑ ሥር ይጋገራል። ጄኔሬተር አለ ማለት አይበቃም፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችውን ክፍተት የሚሸፍን ባትሪ ማማሰያውና መቆጣጠሪያው ላይ መኖር አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም፣ ግን ዲዛይኑ ላይ ካልታሰበ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

ሰው ሁለተኛው ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ኬሚካል ኢንጂነሮች፣ ፋርማሲስቶችና ኬሚስቶች ይመረቃሉ። ትምህርቱን ያውቁታል። አምስት መቶ ሊትር ጋን አጠገብ ቆመው ግን አያውቁም። የሙከራ ጋን የሚባለው፣ ሃምሳ ወይም መቶ ሊትር የሚይዝ፣ ለተማሪም ለፋብሪካም የሚያገለግል አንድ ቂሊንጦ ግቢ ውስጥ ቢቀመጥ፣ አንድ ሙሉ ፋብሪካ ከመትከል በፊት ያ ይቅደም ባይ ነኝ። የቤተ ሙከራ ብርጭቆ (ቢከር) ውስጥ በአሥር ደቂቃ የሚወጣ ክሪስታል ትልቅ ጋን ውስጥ ሌላ ጠባይ ያመጣል፤ ሙቀቱ ዳርና መሃል እኩል አይደለም፣ የማማሰያው ጫፍ ክሪስታሉን ይሰባብረዋል። ይህን በወረቀት አይማሩትም።

ገበያው ግን ይጎድላል ብዬ አላምንም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለመንግሥት ጤና ተቋማት የሚገዛ ትልቅ ገዥ ነው፤ "ደረጃውን ካሟላችሁ ለአምስት ዓመት ይህን ያህል ቫያል እገዛለሁ" የሚል ውል ከሰጠ ባንክም ያበድራል። ቤንዛቲን ዓለም ላይ የሚሠሩት ጥቂት ስለሆኑ በየጊዜው ይጠፋል፤ ባለፉት አሥር ዓመታት ብራዚልም አሜሪካም ሳይቀሩ አጥተውታል። ጥሬ ዕቃ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ እንዲህ ነው። በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ቻይና ሻንዶንግ ውስጥ አንድ ፋብሪካ በፍንዳታ ሲቆም በሚቀጥለው ዓመት ፒፐራሲሊን ታዞባክታም የሚባለው የከባድ ሕመም አንቲባዮቲክ በብዙ አገር ጠፋ። ትልልቆቹ አገሮች ሲያጡ መጨረሻ ላይ ወረፋ የሚይዘው ማን እንደሆነ እናውቀዋለን።

የፖታሲየሙን ጨውስ ከውጭ አይደለም ወይ የምናመጣው ካላችሁ፣ አዎ ነው። ግን ከተጠናቀቀ ቫያል ይልቅ ርካሽ ነው፣ ሻጩም ብዙ ነው፣ ደረቅ ሆኖ ታሽጎ ከተቀመጠ ይቆያል። የስድስት ወር ክምችት መጋዘን ውስጥ መያዝ ይቻላል።

አቃቂ ወንዝ

ይህን ካልጨመርኩ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። ቂሊንጦ የአቃቂ ተፋሰስ ላይ ነው። አቃቂ ወንዝ ምን እንደሚመስል ለአካባቢው ሰው አይነገርም፤ የከተማው ፍሳሽ ሁሉ ወርዶለት ነው ወደ አባ ሳሙኤል የሚሄደው፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ዳር ዳሩን ቆስጣውም ሰላጣውም በዚያው ውሃ ይለማል፣ ተመልሶ እኛው ጋ ይመጣል።

ሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቸሩ የሚባል ቦታ አለ። ዘጠና ያህል መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከዚያ ማጣሪያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አገኘ። ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲወስድ ደሙ ውስጥ ከሚገኘው የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ ልምዳቸውንም ለሌላ ያቀብላሉ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል፤ በጣም የተጎዳውም ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአንቲባዮቲክ ፋብሪካ ፍሳሽን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ነው፣ በጣም ዘግይቶ።

ከቤንዛቲን የሚተርፈው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ጨዉ አይሟሟም ብንልም እያንዳንዱ ሺህ ሊትር ከ150 እስከ 200 ግራም ፔኒሲሊን ይዞ ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ይግባ የሚባለው መጠን የሚቆጠረው በሊትር በማይክሮግራም ስለሆነ ይህ እጅግ ብዙ ነው። ደግነቱ ፔኒሲሊን ደካማ ጎን አለው። ኮስቲክ ሶዳ ጨምራችሁ ፈሳሹን በጣም ቤዛማ አድርጋችሁ ለሰዓታት ብታቆዩት ባክቴሪያን የሚገድለው የሞለኪውሉ ቀለበት ይከፈትና ኃይሉን ያጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በዚህ አይሞትም፤ ለዓመታት ደለል ውስጥ ይቀመጣል። ከፔኒሲሊን እንጀምር የምልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ፍሳሹ ወደ ፋብሪካዎቹ የጋራ ማጣሪያ ከመሄዱ በፊት በፋብሪካው ግቢ ውስጥ በኮስቲክ የሚታከምበት የተለየ ገንዳ ይኑር፤ የእያንዳንዱ ገንዳ ፔኒሲሊን ተለክቶ ከገደብ በታች መሆኑ ሳይረጋገጥ ቫልቩ አይከፈት፤ ውጤቱም በየወሩ ለወረዳው ነዋሪ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ለመለኪያው የሚሆነው መሣሪያ ፋብሪካው ለጥራት ቁጥጥር የሚገዛው ያው ፈሳሽ ክሮማቶግራፍ ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ ነው ተብሎ የሚቀርብ ሰበብ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።